ጎማው ሲተነፍስ

በዳየር አሸዋ፣ መኪናዬ ሰምጣ፣
ነዳጁን ረገጥኩት፣ በጉልበት ላወጣ።
በረገጥኩት ቁጥር፣ ጉድጓዱ ጠለቀ፤
ሱሃይል ተጠግቶ፣ አጎንብሶ ሳቀ።

«እግርሽን አንሺና፣ ጎማው ይተንፍስ፤
ከሠላሳ አምስት፣ እስካሥራ አምስት ድረስ።»

ሽው ሲል ነፋሱ፣ ሱቆቼ ትዝ አሉኝ፤
ሌሊት በሂሳቡ፣ እንቅልፍ የነሡኝ።
አራት የኪራይ ቼክ፣ ሁለት ሱቅ በሮላ፤
አንዱ ሳይቃናልኝ፣ የከፈትኩት ሌላ።

መኪናዋ ወጣች፣ በለዘበ ጎማ።
ሰኞ ያንዱን ቁልፍ መለስኩ፣ ማንንም ሳልሰማ።
«ተነፈሰች» አሉኝ፣ ሻርጃ ያሉት ሁሉ፤
አዎ፣ ተነፈስኩኝ፤ እውነት ነው፣ ይበሉ።

ሱሃይል ግን ያኔ፣ አንድ ቃል ጨምሯል፦
«አስፋልት ስትገቢ፣ መንፋት ያስፈልጋል።»

መንፊያው ከኋላዬ፤ አስፋልቱ ግን ገና።