ቀጭኑ ቱቦ

አዳማ፣ ቀትር ላይ፣ ነፋሱ አቧራ ሲዘራ፣
ከጅቡቲ መንገድ የፈላ ተሳቢ ደጄ መጥቶ ሲያጓራ፣
ክዳኑን በጨርቅ ይዤ «ቆይ፣ ይብረድ» እላለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ራዲያተር ጠግኛለሁ።
መጀመሪያ የሚዘጋው ቀጭኑ ቱቦ ነው፣
ሞተሩ የሚነደው ኋላ፣ ሰው ሲንቀው።

ይህን እያወቅሁ፣ ሌሊት ገላዬ ሲከዳኝ፣
ድካም ነው አልኩኝ፣ ሙቀት ነው አልኩኝ።
ዲንቄ አልወቀሰችም፤ ዝም አለች ብቻ፣
እኔ ግን ዝምታዋን ቆጠርኩት እንደ ጥላቻ።
ከፖስታ ቤት ጀርባ ስም የለሽ ክኒን ገዝቼ
ሦስት ቀን ዞርኩ፣ ኪሴ ውስጥ ሸሽጌ፣ ፈርቼ።

ዶክተር ረቂቅ ክንዴን ጠቅልላ ግፊቴን ለካች፣
ጣቴን ወጋ አርጋ ስኳሬን አየች።
«ሲጋራስ?»
ዝም።
«የወንድ ብልት ደም ሥር ከልብ ሥር ይቀጥናል፣
ስለዚህ ቀድሞ ይጠባል፤ ቀድሞ ይናገራል።»

ሳቅሁ። ግራ ገባት። ግሪስ የጠጣ እጄን ዘረጋሁ፤
«ይህንን ለስንቱ ሾፌር እኔው ስናገር ኖሬአለሁ!»

ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሁሉን ለዲንቄ አወራሁ፤
ደረቴን በጨለማ ስትዳብስ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።
«ሞተሩስ?» አለች።
«ፈልቷል፤ አልነደደም።»
የሲጋራ ፓኮዬን ከትራስ ሥር ወሰደች።