አንድ ጎራሽ

ደጄን ሳታንኳኳ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆማ፣
«አንማው አለህ ወይ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።
ዝናብ ነው በሞጣ፣ ሐምሌ እየጋለበ፣
ጆንያ ለብሳለች፣ ጆንያው የረጠበ፤
በሌላ ጆንያ ውስጥ ያቀፈችው ዕቃ
እንደ ሕፃን ከብዷል፣ ተኝቶ እንደማይነቃ።

አትጠገብ ናት። ከላይ ሰፈር፣ የግራዝማቹ የልጅ ልጅ፤
ዓይኗ የሚያየው ፊቴን አይደለም፣ ጥላሸት የጠገበ እጅ።
«የአያቴ ነው» አለች፣ «ፍተሻ ሲበረታ፣
ከጎተራው ሥር ቀበሩት በማታ።
ሲሰበር የጠገነው ራሱ ነው ደግሞ፤
ከቀጥቃጭ ደጅ ላይ አልታየም ከቶ ቆሞ።»
አለችኝ። ለእኔ። ለቀጥቃጩ።
ዝናቡን ሸሽታ፣ ከጣሪያዬ ሥር።

ፈታሁት ጆንያውን።
ውጅግራ። አንድ ጎራሽ። ዝገት የበላው አፉን፣
ምስጥ የላሰው ሰደፉን፤
መዝጊያው ከቤቱ ጋር ተጣብቆ የኖረ፣
ምላጩ የደረቀ፣ ማንገቻው የቀረ።

እኔ ተኳሽ አይደለሁም፤ ዶሮም አላርድም፤
ብረት ይወዳል እጄ፣ ደም ግን አይለምድም።
ከግድግዳዬ ላይ ሁለት ሰናድር፣ አምስት ውጅግራ፣
ጥይት የሌላቸው፣ ዝንብ የማያስፈራ፤
አንዱን በጤፍ ገዛሁ፣ አንዱን በበግ ሙክት፣
አንዱ የበር መወርወሪያ ነበር፤ አዳንኩት።
«ምን ያደርጉልሃል?» ሲል የሰፈሩ ሰው፣
ዝም ነው መልሴ፤ ጨርቄን ነው በዘይት የማርሰው።

ዱሮ እኛን ሲያዩ እናቶች ልጅ ይሸሽጉ ነበር፣
«በዓይናቸው ይበላሉ፣ ጅብ ናቸው ሲመሽ» የሚል ነገር፤
ሲመሽ ግን ጠመንጃው እምቢ ያለው ጌታ
በጓሮ በር ይገባል፣ ጠርቶን በሹክሹክታ።

ሦስት ቀን በነጭ ጋዝ ነከርኩት፤ አልሰማ።
በአራተኛው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ ከከተማ፣
በሻማ ብርሃን መዝጊያውን በጨርቅ ይዤ ብነቀንቅ፣
እንደ ሽማግሌ ጉልበት ቀጭ አለ።
አየሁት ጉሮሮውን።
ጎርሷል።

አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ጉርሻ ይዞ፣
ሳይውጣት፣ ሳይተፋት፣ በአፈር ተይዞ።
«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል በገበታ፤
ይቺስ ለማን ነበር የተጠቀለለች?
ማን ይሆን ያንን እጅ የገታ?

ሻማዬን አራቅሁ። ትንፋሼን ይዤ አወጣኋት።
እርሳሷን በጉጠት፣ ቀስ አድርጌ ነቀልኳት።
ባሩዷ ጠጥሯል፤ ጣሳ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት፣
ውኃው ጠቆረ፣ ሌላ ምንም አልሆነ።

ሻማውን መልሼ አቀረብኩ።
የሰደፉን ብረት ስፈታ፣ ከሥሩ አንድ ጠባሳ፣
የዋንዛ ልጥፍ፣ በጠፍር ተጠፍሮ፣ ዛሬም ያልላላ ያልሳሳ፤
ሞላውም የመጋዝ ምላስ ነው፣ በሞረድ የተሞረደ፣
ከፋብሪካ ሳይሆን ከማጣት የተወለደ።
በልጥፉ ጫፍ፣ በጋለ ብረት፦
ሁለት ጭረት፣ አንድ ነጥብ።

ይህን ምልክት አውቀዋለሁ።
መዶሻዬን ዕለት ዕለት ከማሳርፍበት፣ ከመስፉ ጎን ላይ አለ።
የአያቴ ነው። ይርሳው ይባላል።
ስም ያወጡለት ሰዎች ምን አስበው ይሆን?
እጁ እንደሆን ምንም አልረሳም።

ሐሙስ ለት መጣች፤ ዝናቡ አባርቷል።
ሰደፉ በተልባ ቅባት ታሽቶ፣ እንደ ጠይም ጉንጭ በርቷል።
በአፈሙዙ ሰማይ አየች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
«ጉድ!» አለች፤ እንደ ልጅ ሆና።
ልጥፉን ግን አልነካሁትም፤ ጠፍሩም እንደ ጥንቱ።
(አዲስ እንጨት ቢገባበት ዋጋው እጥፍ ነው፣
የባሕር ዳሩ ነጋዴ ቢያየኝ ይሰድበኛል።)

ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። «ይህንን ረሳኸው?»
«የለም» አልኳት። «እሱ ይርሳው ነው።»

አልገባትም። ወይም ገብቷት ይሆናል፤
ዓይኗ ከልጥፉ ወደ መስፉ፣ ከመስፉ ወደ እጄ ሄዶ፣
«ሒሳቡ ስንት ነው?» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ።

ስትወጣ በዋናው በር ወጣች።
እርሳሷ መስፉ ላይ ቀርታለች፤
ረስታት ይሁን ትታት፣ እኔ ምን አውቃለሁ።