ቁልፍ

ማክሰኞና ዓርብ፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ፣
ወንዙ በረዶ ለብሶ በመስኮት ሲታይ፣
ሮዌና ትመጣለች ሳጥኗን አንግታ፣
የጠፋ እጄን ፍለጋ፣ በሩን ሳትመታ።

አራት ተለጣፊ ክንዴ ላይ ታሳርፋለች።
«ይቀዘቅዛል» ትላለች።
ኤድመንተን ነው፤ የማይቀዘቅዝ ምን አለ?
ከየተለጣፊው ሽቦ ይወርዳል፣ ቀይና ጥቁር፤
እሷ ሽቦ ትበለው፤ ለኔ ግን ክር ነው፣ ክር።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ሰፍቼ፣
የሰው ካፖርት ጠብቤ፣ የሰው ዚፕ ቀይሬ፣
ተራዬ ደረሰና ለመሰፋት መጥቼ፣
እኔን ከኔው ጋራ ታጋጥመኛለች ዛሬ።
መቶ አሥራ ስምንተኛ ጎዳና ላይ፣ ሱቄ ውስጥ፣
ሲንጀሩ ክር እንደጎረሰ ቆሟል፤
ትርንጎ በአንሶላ ሸፍናዋለች።

መንገዱ መስተዋት ነበር ያን ሌሊት።
ጥቁር በረዶ ይሉታል፤ ጥቁር ሆኖ ሳይሆን ስለማይታይ።
መኪናው ዞረ፤ አንገቴ ላይ አንድ አጥንት ተሰበረ፤
ከላይ ሲቆጠር ስድስተኛው ነበረ።
እጅ መንሳት አክብሮት ነው ብለው ነው ያሳደጉን፤
ያ መንገድ እጅ ሲነሳኝ
አላከበረኝም።

ሳጥኑ ላይ ቁልፍ አለ። ስታዞረው ቁጥሩ ይወጣል።
አሥር፤ ምንም።
አሥራ አራት፤ የሆነ ነገር ከሩቅ፣
በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ።
አሥራ ዘጠኝ ላይ ጣቶቼ ተከፈቱ፣
አንድ በአንድ፣ ሳላዛቸው፣
ለሌላ ሰው እንግዳ እንደሚከፈት በር።

እህቴ ትርንጎ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣
የመጀመሪያው ቀን ጮኸች፦ «መብራት መጣ!»
ሮዌና ደንግጣ ሳጥኑን አጠፋችው፤
እጄ ተመልሶ ተጨበጠ። ሳቅን።
ለሮዌና መተርጎም ግን አቃተን።

ማታ አልሳቅሁም።
የማን እጅ ነው፣ ኮረንቲ ሲጠራው አቤት የሚል፣
እኔ ስጠራው ዝም?
ከእጅ አይሻል ዶማ ይላል የኛ ሰው፤
እጅ የነበረው ነዋ ተረቱን ያወረሰው።

«አንቺም እዘዢ» አለችኝ ሮዌና፣ «ሳጥኑ ሲያዝ አብረሽ፤
ሁለት ሰው ሶፋ እንደሚያነሳ፣ እኩል።»
አዘዝኩ።
ክፈት። ያዝ። ልቀቅ። ክፈት።
ስልኩን እንደዘጋ ደንበኛ፣ መልስ የለም፤
ነገ ደግሞ መደወል። ከነገ ወዲያም።
አውራ ጣቴን በስሙ ጠራሁት፣ ለመንኩት፣
አንድ ቀን እንዲያውም ሰደብኩት፤ ትርንጎ ሰምታ ወጣች።

የእንጨት ኪዩብ፣ የላስቲክ ኩባያ፣ የብረት ቀለበት፤
ጠረጴዛው ላይ የሚደረደረው ይኼ ነው። ሰለቸኝ።
ከሱቄ አንድ ቁልፍ አስመጣሁ፣ የካፖርት፣
ባለ አራት ቀዳዳ፣ ቡናማ፣ ከባድ።
የሚስተር ኮቫልቹክ ነው፤
በዚያ ሳምንት ልተክልለት ቀጥሬው ነበር።

በየካቲት፣ አንድ ዓርብ፣
ሮዌና ወደ መስኮቱ ዞራ ስለ ልጇ ጥርስ እያወራች፣
ቁጥሩን አላየሁትም፣
ቁልፉ ከጠረጴዛው ተነሳ፣
በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መሃል፣
ሁለት ጣት ያህል ከፍ፤
ቆመ፤
ትንፋሼን ያዝኩ፣ እሱንም ያዝኩ፤
ወደቀ።
ተንከባልሎ ከማሞቂያው ሥር ገባ።

«ማነው ያነሳው?» አልኳት። «እኔ ነኝ፣ ወይስ እሱ?»
ቁጥሩን አየች፤ እኔን አየች።
«እኔ እንጃ» አለች፤ መዋሸት አትችልበትም።
ልታነሳው ጎንበስ ስትል ከለከልኳት፦
ተዪው፣ ትንሽ ይቆይ።
ዓመት ከሁለት ወር ምንም ነገር ጥዬ አላውቅም፤
ያልያዙት አይወድቅም።
እዚያው ይሁን፣ አቧራው ውስጥ፣ ይታየኝ፤
ከእጄ ነው የወደቀው።