ጉዳዩ፦ «የኔ» ስለምትባል ቃል

አዳማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ወረቀት ላይ ድንጋይ ጭኜ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ኖርኩ፣ የሰው በደል ጸሐፊ ሆኜ።
በኦሮምኛም በአማርኛም፤ የቀለብ፣ የድንበር፣ የውርስ፣
ሁሉም በጣቴ አልፏል፣ ዳኛ ፊት ሳይደርስ።

መጀመሪያ የጽሕፈት መኪና ነበረችኝ።
ስመታት ትጽፋለች፣ ስተዋት ዝም። በቃ።
«ማን ነህ?» ብላኝ አታውቅም።

ከዚያ ሸምሰዲን፣ ፍራንኮ ካለች ጠባብ ሱቁ፣
ከሦስት የሞቱ አንድ ነፍስ ያለው ገጣጥሞ አመጣልኝ፤
ዋጋውን በአራት ወር ከፈልኩ፣ የመጨረሻዋን መቶ ማረኝ።
ስከፍተው፣ ከላይ በግራ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ሥዕል፤
ከሥሯ በእንግሊዝኛ «የኔ ኮምፒውተር» ትል።
ልጄ ኩለኒ ስትተረጉምልኝ ሳቅሁ።
ቤቴ የቀበሌ፣ ወንበሬ የኪራይ፤
ለካ እኔም «የኔ» የምለው አለኝ!

አልዋሽም፤ የመሐላ ቃል ጸሐፊ ነኝ።
ድሮ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል
ጫማ ወልቆ ነበር የሚገባው፣ እንደ ቤተ መቅደስ።
«ለሁሉም አዳረስን» ሲሉ፣ እኔጋም ደርሷል፤
ከነጫማዬ፣ ከነአቧራዬ።

አምና አዲሱን ገዛሁ።
ሥዕሏ አለች። ስሟ ግን «ይህ ኮምፒውተር» ሆኗል።
«የኔ»ዋን ማን ወሰዳት?
ደረሰኝ የለ፣ መጥሪያ አልደረሰኝ።

አካውንት ክፈት አለኝ። ስልክህን አረጋግጥ። ኮዱን አስገባ።
አንዲት ባልቴት ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ አጠገቤ ቆማ፣
«እያደስኩ ነው፣ እንዳታጠፋኝ» ብሎ ሰባት በመቶ ላይ ተገተረ፣
የወር ፓኬጄን እየላሰ።
ጽሑፍህን ደመና ላይ አኑር ይለኛል ደግሞ።
የአዳማ ሰው ነኝ፤ ደመና አውቃለሁ፣ በአናታችን ሲያልፍ፣
ጥላውን ለኛ ጥሎ፣ ዝናቡን ለሌላ ሲያጎርፍ።

ሸምሰዲን ገልብጦ አየው። መፍቻውን አስቀመጠ።
ባትሪው በሙጫ፣ ሚሞሪው በብየዳ።
«ጋሼ፣ ይሄ ሲሞት ይቀበራል እንጂ አይታከምም።»

ማታ የራሴን ጻፍኩ።
አመልካች፦ እኔ።
ተጠሪ፦ አድራሻው ያልታወቀ።
የምጠይቀው ዳኝነት፦ ያቺ ቃል እንድትመለስ።
ላትመው ስል፣ «ፈቃድህ አብቅቷል፤ አድስ።»

ኩለኒ ምንም አላለችኝም።
ከአልጋ ሥር መኪናዋን ጎትታ አወጣች፣
አቧራዋን እፍ አለችው፣ ወረቀት አጎረሰቻት።
ትሠራለች።
«የ» የምትለዋ ፊደል ብቻ
ድሮም ትንሽ ትዘማለች።