ደም መላሽ

ያመመኝ በሐምሌ ነው፤ ታቦር ላይ ጭጋግ ተኝቶ፣
አባ ኮዳ አሞራ ገደል እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ።
ባጃጄን አቶቴ አቁሜ፣ ቁልፉን ለተራ አስከባሪ ሰጥቼ፣
ሳሌን በመዳፌ አፍኜ በጓሮ በር ገብቼ
ሦስት ቀን ተኛሁ በዝምታ። በአራተኛው ሳሌ ከዳኝ፤
ግድግዳውን ዘልቆ ሄዶ ጋሽ ዱካሞን ቀሰቀሰብኝ።

ጋሽ ዱካሞ አከራዬ ነው። ስምንት ዓመት «ልጄ» ብሎኛል።
የዚያን ለት ግን ፍራሼን በመጥረጊያ እንጨት ገፍቶ ከበር አውጥቶልኛል።
በረኪና ረጨ
እግሬ በቆመበት፣
ጥላዬ ባረፈበት፣
ስሜ በተጠራበት።
«ልጆች አሉኝ» አለ። እንዳሉት አውቃለሁ፤
ሦስቱንም በዝናብ በፀሐይ ትምህርት ቤት አድርሻለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ፣ ተማሪ በለቀቀው ዶርም፣
ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የሒሳብ ቀመር ሳነብ፣ ሳይገባኝ፣ ሳላርም።
ዳንሁ። ቂም ግን አምባዛ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ይተኛል፤
ውሃው የጠራ ሲመስል ከሥር ጢሙን ያወዛውዛል።

በመስከረም ስልክ ጮኸ። ሲስተር መሰሉ ናት፦
«ላሚሶ፣ ደምህን እንፈልገዋለን» አለች፤ ደነገጥሁ እንደ ዛቻ፣ እንደ ቅጣት።
«ደምህ በሽታውን ያውቀዋል፤ ፊት ለፊት ገጥሞ ጥሎታል።
ያን ዕውቀት ብታበድረን፣ አንድ የተኛ ሰው ምናልባት ይተርፍበታል።»
«ምናልባት?»
«ምናልባት። ሙከራ ነው፤ አልዋሽህም።
ያድናል ብዬ አልምልም፤ አያድንም ብዬም አልተውህም።»
ብትምልልኝ ኖሮ እቀር ነበር።
ሄድሁ።

መርፌው ወፍራም ነው። ማሽኑ
ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እንደተያዘ ባጃጅ ያጉረመርማል፤
ደሜን ይስባል፣ ያሾራል፣ ቀዩን ከቢጫው ያጠራል።
ቢጫው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፣ የኑግ ዘይት መሳይ፣
ከዝናብ በኋላ ሐይቁ ላይ እንደምታርፍ ቀጭን ፀሐይ።
ቀዩ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ተመልሶ ክንዴ ውስጥ ይገባል።
«አየህ» አለች መሰሉ፣ «ቀዩን አንነጥቅህም፤ ማሽኑ ደም መላሽ ነው።»
ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አልገባትም።
እኛ አገር ደም መላሽ ሲባል አጥር ሥር የሚያድር ሰው ነው፤
ዓመት ቆጥሮ የሚመጣ፣ ዘመን በደሉን የማያስረሳው።

ስወጣ ደረጃው ላይ ዳንጊሴን አየኋት፣ የጋሽ ዱካሞን ትልቋን፤
ፔርሙስ በጉልበቷ ይዛ፣ ካገጯ ሥር አውርዳ ጭምብሏን።
«አባባ ኦክስጅን ላይ ነው» አለች።
«ዛሬ ደም ይሰጡታል አሉ፤ ቀይ ያልሆነ ደም።»

እውነቱን ልናገር፤ አላሳምረውም፦
ክንዴ ላይ ያለውን ፕላስተር ነካሁ።
ተመልሼ ከረጢቱን ልንጠቅ አሰኘኝ፤
ሁለት ደረጃ ወጣሁም።
ሦስተኛው ላይ ቆምሁ። ለምን እንደቆምሁ
ዛሬም አላውቀውም።
ለእሱ ይሁን ለሌላ ሰው፣ መሰሉ አልነገረችኝም፤
እኔም አልጠየቅኋትም።

ሲመሽ ዳንጊሴን በባጃጄ ወደ ቤቷ ወሰድኋት፤
በሩ ጋ ስንደርስ እንዳትደናቀፍ መብራቴን አበራሁላት።
ፍራሼ የወደቀበት ቦታ፣ በረኪናው የበላው ሣር፣
ክረምቱን ሙሉ ዘንቦበት እንኳ አልበቀለም ነበር።
በፍራሽ ልክ ነጭ መሬት።

መቶ ብር ዘረጋችልኝ።
ኪሴን ዳበስሁ፤ ዝርዝር ሞልቶታል።
«መልስ የለኝም» አልኋት።