ክዳን

ጀርባህን ሰጥተኸኝ አሸዋ ስትምስ
ልናገረው ዛሬ፣ ቃሌ አንተ ጋ ባይደርስ።

መጋቢት ነበረ፤ ሃርማታን ሲበረታ
"ራሴን" አልከኝ ማታ።
ሲነጋ አንገትህ ደርቆ እንደ ማገር
አገጭህ ደረትህን መንካት ተስኖት ነበር።
"ሳንካራው!" አለች ጎረቤት፣ እጇን ባፏ ጭና፤
ማጅራት ገትር ነው፤ ከነፋሱ ጋራ መጥቷልና።

አባትህ ኢሱፉ የሰው ሞተር ለምኖ
ከሚሪያ ዚንደር ከነፍን፣ መንገዱ አቧራ ሆኖ።
ድንኳኑ ውስጥ የተኙት አሥራ አንድ ነበሩ፤
አራቱ በአንሶላ ተጠቅልለው ቀሩ።
አንተ ግን በመርፌው፣ በዘጠነኛው ቀን
ውሃ ጠጥተህ ሳቅህ፤ "አልሐምዱሊላሂ" አልን።

ነገሩ ከዚያ ነው።
"ሻፊኡ!" ስል ዝም። "ሻፊኡ፣ ና!" ዝም።
ፍየሏ ማሽላውን ካጠገብህ ስትጨርስ ቀና አትልም።
"ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል" አልኩ፤ "ሕመሙ አሞላቀቀው።"
ከኒሙ ዛፍ ቀጭን ዱላ ቆረጥኩ፣ ቅጠሉን አራገፍኩ፣
ከኋላህ መጣሁ። ኮቴዬን አልሰማህም።
መታሁህ።
ዞር ስትል ዐይንህ እኔን አልከሰሰም፤
ሰማይ ሰማዩን አየህ፣
ምቱ ከየት እንደወደቀ ልታውቅ።

በሳምንቱ የትልቁ ድስት ክዳን
ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ።
ዶሮዎች በረሩ። እህትህ እያለቀሰች ከእንቅልፏ ነቃች።
አንተ ብቻ ጉንዳን ትከተል ነበር፣ በጣትህ፣ በዝግታ።
አነሣሁት። ጣልኩት።
አነሣሁት። ጣልኩት።
ጥላዬ መሬቱ ላይ ሲወዛወዝ አይተህ ነው የዞርከው፤
ሳቅህልኝ።

ነርሷ ራሺዳቱ ወረቀት ላይ ቀንድ አውጣ ሣለች፤
"ጆሮ ውስጥ እንዲህ ያለ አለ፤ በሽታው ሲገባበት
አጥንት ሆኖ ሊደፈን ይችላል" አለች።
"ዱላስ ያደርሰዋል?" ልላት ብዬ ተውኩት።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
ያንተ ባዳ እንኳ አልሆነ፣
አፈር ሳይለብስ ተቀበረ።

ዛሬ ስትጠራኝ መዳፍህን ደፍተህ
ከአየር ላይ ትለቀዋለህ፤
ክዳን ማለት እናት።
ያን ቀን ያለቀስኩት ጨዋታ መስሎህ ይሆን?
ለአባትህ የሞተር መሪ፣ ለእህትህ ጡጦ፣ ለፍየሏ ቀንድ፤
ለሁሉም በእጅህ ስም አወጣህ።
ለኒሙ ዱላ ግን አላወጣህለትም።
እኔም አልጠየቅኩህ።

አሸዋው ሰልችቶህ ልትዞር ነው መሰል።
በቃኝ፤ አፌን ልግጠም፤
ከንፈር ማየት ጀምረሃል።