የጫማ መልህቅ

ከኪብሮን የተነሳው መርከብ፣ ነፋስ ገትሮት አረፈደ፤
አልድያ ሜላንሰን ሎክማርያ ስትደርስ፣ ቀኑ ሄደ።
ሃያ ሦስት ሰው ነበርን፣ ከነሕፃኑ ከነውሻው፤
ኅዳር ነው፣ አዳራሹ ይበርዳል፣ እምቢ ብሏል ማሞቂያው።
ወንበር የደረደርኩት እኔ፣ መብራት የያዝኩትም እኔ፤
ጊታሯን ከሣጥን ስታወጣ፣ ተከተላት ዓይኔ።
ባሕሩ ክሮቹን አላልቷል። ጆሮዋን አስጠግታ፣
«ቅኝቱ ሸሽቷል» አለችን፣ በፈገግታ፤
«አይገርምም፣ የኛ ወገን ነው፤
ቅኝ ገዢ በተለወጠ ቁጥር መሸሽ የለመደው።»

ሳቅን። ግማሻችን ያው ወገን ነን፤
የአያቶቻችን አያቶች፣ ከአካዲ በመርከብ የተጋዙ፣
መዝገባቸው ባሕር ማዶ ቢጠፋ በቃላቸው የያዙ፣
በዚህ ደብር ቄስ ፊት ተሰልፈው
የዘር ሐረጋቸውን ቆጥረው ያስጻፉ ናቸው።

ሠላሳ ዓመት ዘፍናለች።
አባቷ ሸርጣን አጥማጅ፣ እናቷ ዓሣ ከታፊ፣
እሷ፣ በዓሣ ካርቶን ጀርባ፣ ግጥም ጻፊ።
ከዚያ ፓሪስ። ሽቶው ቀድሞት የሚገባ አንድ አሳታሚ፣
ገንዘብ ቆጥሮ ሰሚ፣
«ድምፅሽ ማር ነው» አላት፣ «ቃልሽን ግን አርሚ።
‹ጫማዬን መልህቅ አስያዝኩት› ምን ማለት ነው?
ጫማ ይታሰራል፤ መልህቅ ለጀልባ ነው።»
አረመችው። ተሸጠ። ሦስት ክረምት ራዲዮ አዜመው።
ሸክላውን ለአባቷ ብታሰማው፣
ጉልበቱን አቅፎ አዳመጠና
«ድምፀ መልካም ናት፤ የማን ልጅ ናት?» አለና
ዝም አለ።
ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዝና አይደለም፦
የባቡር ትኬት፣ ያልተከፈለ ሂሳብ፣ ፍቺ፣
ጉንፋን ይዛ ናንት፣ ጉንፋን ይዛ ብሬስት፤
ሁለት ጥሩ ዘፈን። «ሁለት አያንስም» ትላለች።

በዕረፍቱ ሰዓት ሻይ ይዛ ቆማለች፤
የሽማግሌው ግራንዤ የልጅ ልጅ
ክሯ ተፈትቶ ትሮጣለች።
ድንች ሲቆፍር የኖረ እጁን ዘረጋና፣
«ነይ እዚህ» አላት፣ ቆጣ አለና፣
«ጫማሽን መልህቅ አስይዢ!»

የአልድያ ሻይ ፈሰሰ።
«ምን አልክ?»
ሽማግሌው አፍሮ አንገቱን ደፋ፦
«የአያቴ አፍ ነው። ተማሪ ቤት በአርጩሜ ሊያስጥሉን ነበር፤
አልወደቀም።»

ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር ያ ዘፈን መጣ፣
ካርቶኑ ላይ እንደነበረ፣ አንድ ፊደል ሳይወጣ።
መብራቱን ማደብዘዝ ነበረብኝ፤ ረሳሁ።
ግራንዤ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁ።
ልጅቷ? ክሯ እንደተፈታ
ውሻውን ታባርራለች፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ።